ገመዱን በእጅህ አትጠምጥም

ደብተሩ አሁንም አለኝ። ሽፋኑ ላይ «የትምህርት ማቀጃ» ይላል፤ ከሦስተኛው ገጽ ወዲያ ግን ትምህርት የሚባል ነገር የለበትም። ሁሉም የገመድ ነገር ነው። የትኛው ገመድ ምን ያህል ውሃ ተሸክሞ ተበጠሰ፣ የትኛው ሲረጥብ ደከመ፣ የትኛው እጅ ላጠ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ትልቅ ካይት የሚያበርር ሰው ሊጠብቃቸው የሚገቡ ሕጎች አሉ። እኔው ነኝ የጻፍኳቸው። አንዱ ከሌሎቹ ጎላ ብሎ ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፦ ገመዱን በእጅህ አትጠምጥም።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር በአንድ ቤት እንኖራለን። ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ጋሪዎች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል አንድ የስፌት መኪና ይዞ ይሠራል። ሁለታችንም የተወለድነው ከቡሬ ወዲያ ገጠር ውስጥ ነው። አባታችን እስኪሞት ድረስ እርሻው በወንድሜ ትከሻ ላይ ነበር፤ የበሬ ጠፍር ከእጁ ተለይቶ አያውቅም። ከተማ ከገባን በኋላ ጠፍሩን ትቶ መቀስ ያዘ። ሥራውን ቶሎ ለመደው፤ እጁ ከአፉ የቀደመ ሰው ነው።

ካይት የተማርኩት መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ነው። አንድ የፊዚክስ አስተማሪ ነበሩን፤ ጉልበት የሚባለውን ነገር በጠመኔ ከማስረዳት ሜዳ አውጥተው ገመድ ያስጨብጡን ነበር። «ነፋስ አይታይም፤ ክንዳችሁ ግን ያየዋል» ይሉናል። ልጆች ከደብተር ወረቀት የሚሠሩት ካይት መጫወቻ ነው። እሳቸው ያሠሩን ግን በር የሚያህል ነበር፤ ሁለት ሰው ይጎትታል። የዚያን ቀን ምሽት መዳፌ እየለበለበኝ፣ ከትምህርት ሁሉ አንድ ነገር በእርግጥ እንደገባኝ ተሰማኝ። ደስ አለኝ።

ፍኖተ ሰላም ከተመደብኩ በኋላ እኔም ለተማሪዎቼ እንደዚያው ማድረግ ጀመርኩ። ለሸራው የማዳበሪያ ጆንያ ፈታን። ለአጥንቱ ቀርከሃ ከቡሬ ገበያ አመጣሁ፤ አገዎች ከደጋው አውርደው የሚሸጡት ቀጥ ያለና ቀላል ነው። ስፌቱን ወንድሜ ሠራው። ጆንያው ሲሳብ በስፌቱ በኩል እንዳይተረተር ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፎ፣ ድርብ አድርጎ፣ ማዕዘኖቹ ላይ ደግሞ የአሮጌ ኮርቻ ቆዳ ለጥፎ ሰፋው። እናቴ ያንን ነገር ካይት ብላ ጠርታው አታውቅም። «ያ ጨርቃችሁ» ነው የምትለው። በነፋስ ቀን ግድግዳው ላይ ሲንኮሻኮሽ ከሰማች፣ «ያ ጨርቃችሁ ዛሬም አላረፈም» ትላለች።

ካይቱ ከባድ አልሆነብኝም። ያደከመኝ ገመዱ ነው። ከክፍሉ አግዳሚ ላይ ገመድ አንጠለጥልና ጫፉ ላይ ጀሪካን አስራለሁ፤ አንድ ተማሪ በጣሳ ውሃ እየጨመረ ይቆጥራል። መጀመሪያ ፈትል ሞከርኩ፤ እናቴ የፈተለችውን አራት ደርቤ። ጀሪካኑ ሳይጋመስ ተበጠሰ። ቃጫ መጣ። ቃጫ ብርቱ ነው፣ እጅም ይሞላል፤ ግን ይከብዳል፤ ካይቱ ገመዱን ሲሸከም ይውልና መውጣቱን ይረሳዋል። ከሁሉም የተስማማኝ ሲባጎ ነው፤ እህል መጋዘን የጆንያ አፍ የሚሰፋበት። አይቀጥንም፣ ከመጠን በላይ አይከብድም፣ ሲጎተት ትንሽ ይለጠጣል፤ ድንገተኛ ነፋስ ሲመጣ ያ መለጠጥ ለያዘው ሰው ፋታ ይሰጠዋል። ሲረጥብ ግን ይደክማል። ገመድ ተበጠሰ ሲባል ሰው መሐሉን ያስባል፤ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ግን ከቋጠሮው አጠገብ ነው። ይህን ሁሉ ጻፍኩ።

አንድ ነገር ደግሞ በሜዳው ዳር ባለ የባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ ለተማሪዎቼ አሳየሁ። ገመድ በጉቶው ላይ አንድ ዙር ብቻ ካዞሩት፣ በኃይል ሲሳብ እየተንሸራተተ ያልፋል። ሁለተኛ ዙር ከተጨመረበት ግን በራሱ ላይ ይጠብቃል፤ ይቆልፋል። ሦስት ጎረምሶች ቢጎትቱት ንቅንቅ አይልም። ይህም ደብተሩ ውስጥ አለ፤ ያን ቀን ወንድሜ ሱቁ ነበር።

ሕጎቹን የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው። ደመና ሲያንዣብብ ካይት አይወጣም። የመብራት ሽቦ ባለበት አካባቢ አይወጣም። ነፋሱ በሚሄድበት በኩል፣ ገመዱ እስከሚደርስበት ድረስ ሰው አይቆምም። የገመዱ መጨረሻ ከጉቶ ጋር ይታሰራል እንጂ ከወገብ ጋር አይታሰርም። ጓንት ይደረጋል። ያችም የተሰመረባት ሕግ አለች።

በዚያች ሕግ ከወንድሜ ጋር ተከራክረናል። ካይቱን የሚይዘው እሱ ነበር፤ በጉልበትም በእጅ ስሜትም የሚያህለው አልነበረንም። በእኛ አገር ሰው በሬ ሲስብ ጠፍሩን መዳፉ ላይ ይጠመጥማል። ሳይጠመጥም የያዘ ሰው እንደ ሰነፍ ነው የሚታየው፤ በሬው ሊያመልጠው ነው ይባላል።

«እትዬ፣ ሳይጠመጥሙ ያዝኩ ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ።

«መልቀቅ መቻል ማለት ነው» አልኩት። «በሬ ሲጮሁበት ይቆማል። ነፋስ ጆሮ የለውም።»

ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ግን አልፎ አልፎ እጁ ወደ ልማዱ ሲሄድ እጮኻለሁ፣ እሱም ይፈታል። ጩኸቴ ሜዳው ላይ የታወቀ ሆነ። ተማሪዎቼ ከኋላዬ ድምፄን እያስመሰሉ «አትጠምጥም!» ሲባባሉ እሰማለሁ። ቁጡ ነኝ፤ ይህን አልክድም።

የወረዳው ካድሬ ካይቱን ያየው በመጋቢት ነው። ወጣት ነው፣ ንቁ ነው፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ነው። ወደ ትምህርት ቤቱ መጥቶ፣ «ጓድ መምህርት፣ ይህ ነገር ጨርቅ ይሸከማል?» አለኝ። ይሸከማል አልኩ። እንግዲያው በላብ አደሮች ቀን በዓል መፈክሩ ከሰልፈኛው በላይ በሰማይ ይታያል አለ። እንግዶች በቡሬ በኩል ሲመጡ ገና ከሩቅ ማየት አለባቸው። ቀይ ጨርቅ ተሰጠን፤ ወንድሜ ነጭ ፊደል ቆርጦ ሰፋበት።

በሲባጎ ሞከርነው። ካይቱ መፈክሩን ይዞ ተነሣ፣ የባሕር ዛፎቹ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ከበደውና ቆመ። ከቡሬ መንገድ ላይ ዛፍ እንጂ መፈክር አይታይም። ካድሬው በስልክ ሽቦ ብናደርገውስ አለ፤ አንድ ጥቅል አለኝ አለ። እምቢ አልኩ። የመብራቱ ሽቦ ሜዳውን ዳር ዳሩን ያልፋል፤ ካይቱ ቢዘነበልና ሽቦ ከሽቦ ቢነካ፣ የያዘው ሰው ይሞታል አልኩት። ትንሽ አየኝና እሺ አለ። ይህን የምጽፈው ለራሴ እንዳላዝን ነው። ያን ጊዜ እምቢ ማለት አይቻልም ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ አንድ ጊዜ እምቢ ብዬ ሰሚ አግኝቻለሁ።

በሳምንቱ ካድሬው ናይሎን አስመጣ። አንድ ሾፌር ከባሕር ዳር ይዞት የመጣ ነው፤ ዓሣ አጥማጆች መረብ የሚሠሩበት፣ ቀጭን፣ ነጭ፣ እንደ ጅማት የሚያብረቀርቅ። ጀሪካኑ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ድንጋይ ጨመርንበት፣ አልተበጠሰም። ክብደት የለውም። ነገር ግን ቀጭን ነገር ብዙ ሲሸከም ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ሳሙና በክር ሲቆረጥ አይቻለሁ። ደብተሬ ላይ «ለእጅ አይሆንም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ካድሬው ሲጠይቀኝ፣ ጓንት ካለ ይሆናል አልኩ። ካይቱ ከፍ ሲል ማየት እኔም ፈልጌ ነበር። ወንድሜ ከፍየል ቆዳ ጓንት ሰፋ።

ዝርዝሩ በቀበሌው በር ላይ የተለጠፈው ከበዓሉ በፊት በነበረው ሳምንት ነው። ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉ ሰዎች ስም ነው። በበዓሉ ማግስት ለሐኪም ምርመራ ይሰበሰባሉ፣ ከዚያ ወደ ማሠልጠኛ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን። የወንድሜ ስም አሥራ አንደኛው መስመር ላይ ነበር። አነበበው፣ ወደ ሱቁ ተመለሰ፣ የጀመረውን ሱሪ ጨረሰ። ማታ እራት ላይ ለእናቴ እሱ ራሱ ነገራት።

«ሰው ሁሉ ሲሄድ እኔ ምን ልዩ ነገር አለኝ?» አለ።

እናቴ እህል አልቀምስ አለች። ለጊዮርጊስ ተሳለች፣ ለሚካኤል ተሳለች። በሦስተኛው ቀን ልብስ ሳጥብ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ» አለችኝ። «እነዚያም ሰዎች ያከብሩሻል። ምነው አንድ ነገር ብታደርጊ፣ ልጄዋ?»

«ምን ላድርግ፣ እማዬ?»

«እኔ ምኑን አውቄው። አንቺ ነሽ የምታውቂ።»

የማውቀው ነገር አልነበረም። አንድ ልጅ ብቻ ያላት ባልቴት ይታለፍላታል ይባል ነበር፤ እሷ ግን እኔም አለሁላት። ቀበሌ ሄጄ ጠየቅሁ፤ በሽተኛ ወይም ጉዳተኛ ከሆነ ሐኪሙ ወደሚቀጥለው ዙር ያስተላልፈዋል አሉኝ። ወንድሜ እንደ በሬ ጤነኛ ነበር።

በበዓሉ ቀን ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ ነበር፤ የሚያዝያ ነፋስ፣ አዋራ ይዞ የሚዞር። ሰልፈኛው ቆሟል፣ ማይክራፎኑ ያፏጫል። ሰዎቹን ከነፋሱ መውረጃ አስወጣሁ፣ ቋጠሮዎቹን አየሁ፣ የገመዱን መጨረሻ ከጉቶው ጋር አሰርኩ። ወንድሜ ከጉቶው ሃያ እርምጃ ያህል ፊት ቆሞ ገመዱን ቀስ እያለ ይለቃል፤ ካይቱ ሲረጋ ትቶት ይመጣል፣ ጉቶው ይይዘዋል። እኔ ከጉቶው አጠገብ ነኝ። እንዲህ ነበር የተስማማነው።

ካይቱ ተነሣ። መፈክሩ ተዘረጋ፣ ከዛፎቹ በላይ ወጣ። ሰው አጨበጨበ። ወንድሜ የቀኝ ጓንቱን በጥርሱ አውልቆ ጣለ። «ቀጭኑ በጓንት አይሰማኝም» ብሎ ጮኸ። ጓንትህን አድርግ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ገመዱ እየተፈተለከ ነበርና መጀመሪያ ይርጋ ብዬ ዝም አልኩ። ቀጥሎ ገመዱ ከመዳፉ ሲያመልጥ፣ እጁ ወደሚያውቀው ነገር ሄደ። ጠመጠመው። አንድ ዙር።

አየሁት። አፌን ከፈትኩ። በዚያ ወር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደጮህኩ አላስታውስም፤ መጮኽ የሚቸግረኝ ሰው አልነበርኩም። ያኔ ግን ዝርዝሩ ታየኝ። አሥራ አንደኛው መስመር። መዳፉ ቢላጥ ብዬ አሰብኩ። ለሁለት ሳምንት የሚታሰር እጅ። ሐኪሙ ነገ አይቶት፣ ይህ በሚቀጥለው ዙር ይምጣ ቢል። ይህ ሁሉ ሐሳብ አንድ ትንፋሽ አልፈጀም። ወንድሜ ዞር ብሎ ወደ እኔ አየ፤ ጉቶውን የሚያይ መሰለኝ። አፌን ዘጋሁ። እሱ ወደ ካይቱ ተመለሰ፤ ክንዱ አንድ ጊዜ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ከዚያ ነፋሱ መጣ።

ሦስት እርምጃ ያህል ጎተተው። ቀጭኑ ገመድ ከመዳፉ ወደ ላይ ተንሸራቶ አመልካች ጣቱ ላይ ተሰበሰበ። ሲጮኽ አልሰማሁም፤ ማይክራፎኑ እየጮኸ ነበር። እጁን ሆዱ ላይ ይዞ ተንበረከከ። ካይቱ ከእጁ ሲላቀቅ ጉቶው ያዘው፣ ገመዱ ከቋጠሮው አጠገብ ተበጠሰ፣ መፈክሩ ተጠቅልሎ ባሕር ዛፍ ላይ ተንጠለጠለ። ሮጬ ስደርስ ወንድሜ መሬቱን ያይ ነበር። የቀኝ እጁ አመልካች ጣት ከመካከለኛው አንጓ በላይ የለም።

በማግስቱ ሐኪሙ አየው። ምላጭ የሚስብበት ጣት ስለሌለው ለውትድርና አይሆንም ብሎ ጻፈ። እናቴ ወረቀቱ ሲነበብላት አለቀሰች፣ ከዚያ ፊቷን አበሰች። «ሳይደግስ አይጣላም» አለች።

ድግሱ ግን ገና ነበር። በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ተይዞ ቀበሌ ገባ። ከዘመቻ ለማምለጥ ሆን ብሎ ጣቱን አስቆርጧል ተባለ። እንዲህ ያደረገ ሰው ወህኒ እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ከወህኒ ወዲያ የሚሆነውን ማንም አያውቅም።

ፍርድ ሸንጎው በቀበሌው ግቢ፣ ከዋርካው ሥር ተቀመጠ። ሦስት ሰዎች ናቸው። መካከለኛው፣ ዕድሜያቸውን በእርሻ ጨርሰው ልጃቸው ዘንድ የገቡ ሽማግሌ ነበሩ። ካድሬው እንደ ከሳሽ ቆመ።

«ጓዶች» አለ፣ «አምስት ጣት አለ። ከአምስቱ ምላጭ የሚስበው አንድ ነው። ከዓመቱ ቀን ሁሉ ደግሞ ምርመራው የነበረው በማግስቱ ነው። ነፋስ ጣት መርጦ፣ ቀን ቆጥሮ ይቆርጣል?»

ሰዉ አጉረመረመ። እኔንም ሊያሳምነኝ ጥቂት ቀረው። እንድናገር ታዘዝኩ፣ ደብተሬን ይዤ ቆምኩ። ናይሎን ለእጅ እንደማይሆን አውቅ እንደነበር፣ ገመዱን የመረጥኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ጓንቱን ሲያወልቅ አይቼ እንዳልከለከልኩት ተናገርኩ። ጣቱም የተመረጠ እንዳልሆነ፣ ገመድ ከመዳፍ ሲያመልጥ መጀመሪያ የሚያገኘው አመልካች ጣትን እንደሆነ በራሴ እጅ አሳየሁ።

«ሕጉን ያውቅ ነበር?» አለኝ ካድሬው። «አትጠምጥም የሚለውን?»

«ያውቅ ነበር።»

«እያወቀ ጠመጠመ?»

ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ።

«እስቲ ተወኝማ፣ ልጄ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው» አሉት። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሩ። «አንተዬ፣ ጉዳዩ መርዘሙ ነው። እስቲ ያን በሬ ከፀሐይ አንሣና ወዲያ ጥላው ውስጥ እሰርልን። ባለቤቱ ሳይመጣ በጥም ይሞትብናል።»

ግቢው ጥግ ላይ የሰው ማሳ ገብቶ የተያዘ በሬ ታስሮ ነበር። ወንድሜ የተጠቀለለ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ እንዳደረገ ሄደ። በግራ እጁ ጠፍሩን ከግንዱ ፈታ። በሬው አንገቱን ወዘወዘ። ወንድሜ «ሃይ!» አለና፣ ምንም ሳያስብ፣ ግራ እጁን አዙሮ ጠፍሩን መዳፉ ላይ ጠመጠመው። አንዴ፣ ሁለቴ። እንዲያ አድርጎ እየሳበ በሸንጎው ፊት አለፈ።

ሽማግሌው እስኪያስረው ጠበቁ። «አያችሁት» አሉ። «አንዱ እጁ በዚሁ ነገር ተቆርጦ፣ ወህኒ ልትወርድ ነው እየተባለ፣ በደኅናው እጁ ደገመው። ይህ ልጅ ጣቱን አላስቆረጠም። የኛ ልጅ ነው፣ ይኸው ነው።»

ካድሬው ወረቀቱን አጠፈ። የገበሬ ልጅ ነበር እሱም፤ ፊቱ ላይ አየሁት። አደጋ ነው ተብሎ ተዘጋ። ለገመዱ ምርጫ ግን ተጠያቂ መኖር ነበረበት። አሻጥር ነው የሚል ቃል ተነሥቶ ነበር፤ ሽማግሌው አብርደው ወደ ግድየለሽነት አወረዱት። በመምህራን የውይይት ክበብ ፊት ቆሜ ግለ ሂስ አደረግሁ። ለበዓሉ ድምቀት ብዬ ለጥንቃቄ የማይሆን ገመድ መርጫለሁ፣ ጥፋቴን ተቀብያለሁ አልኩ። ቃለ ጉባኤ ተያዘበት። ባልደረቦቼ ለእውነተኛነቴ አጨበጨቡ። ያን ቀን ስላልጮህኩት ጩኸት ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ዝርዝሩ ውስጥ የነበሩት ሄዱ። የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው። ከተማው የራሱን ፍርድ ፈርዶ ነበር፤ ሸንጎው ምንም ይበል፣ ወንድሜ ጣቱን ሰጥቶ ነፍሱን የገዛ ብልህ ነው። አንዳንዱ ትከሻውን መታ ያደርገዋል። እሱ ግን ይቆጣል፣ ረስቼ ነው ይላል፣ ማንም አያምነውም። ልጇ ያልተመለሰላት አንዲት ጎረቤታችን ከዚያ በኋላ ጨርቋን ሌላ ልብስ ሰፊ ዘንድ ስትወስድ፣ በሱቁ ደጃፍ አቋርጣ ነበር የምታልፈው። እሱም ያን ጊዜ የስፌት መኪናውን አቁሞ፣ እስክታልፍ አቀርቅሮ ይጠብቃል። እኔ ከሁሉም ያመመኝ ይህ ነው።

በመካከለኛ ጣቱ መቀስ መያዝ ለመደ። ጨርቅ አጣሞ ሲቆርጥ ዓመት ፈጀበት፣ በኋላ ግን መስመሩ እንደ ድሮው ቀጥ አለ። ካይቱን እናቴ ፈትታ ጆንያውን ለጤፍ አደረገችው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በአንድ ከሰዓት ሱቁ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለወለድኩት ልጄ የትምህርት ቤት ልብስ ይቆርጣል። ውጭ ነፋስ ነበር፤ የበሩ መጋረጃ ይነፋል፣ ይተነፍሳል። ለምን ያን ቀን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ስለደከመኝ ነው።

«ያን ቀን አይቼህ ነበር» አልኩት። «ስትጠመጥም።»

መቀሱን አላቆመም። «አውቃለሁ» አለ። «ዞር ብዬ አይቼሻለሁ።»

«ምን አሰብክ?»

«እጄ ረስቶ አንዴ ጠመጠመ። ወዲያው ትዝ አለኝና፣ አሁን ትጮኻለች ብዬ ዞር አልኩ። አንቺ ቆመሽ ታይኛለሽ። ምንም አላልሽም።» ጨርቁን በመዳፉ አስተካከለ። «እንግዲያው በናይሎን ሲሆን ይፈቀዳል ማለት ነው፣ እሷ ታውቃለች አልኩና ደገምኩት።»

አንድ ዙር ይንሸራተታል። በጉቶው ላይ ለክቼዋለሁ፣ ጽፌዋለሁ፣ ለአርባ ልጆች አሳይቻለሁ። በአንድ ዙር መዳፉ ይላጥ ነበር፣ እኔ እንዳሰብኩት። ሁለተኛውን ያዞረው እኔን አምኖ ነው። ይህን ልነግረው ፈለግሁ፤ አልነገርኩትም። እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

ወንድሜ የጨርቁን ጫፍ ወደ እኔ ዘረጋ።

«ያዢልኝ፣ እትዬ» አለኝ። «ጠበቅ አድርጊው።»

ያዝኩለት።